የሦስተኛው ፎቅ ቀኖች

«አንተ አስራ አንድ በል፣ እኔ ስምንት እላለሁ። ለካሪና ግን ትንፍሽ እንዳትል።»

ካሪና ሂየታላ ይህን የሰማችው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የእናቷን ቤት የኋላ ደረጃ እየወጣች ሳለች ነው። ከላይ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ስልክ የሚያወራው ታላቅ ወንድሟ ቬይኮ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ መምጣቱን ያሳውቃል። ካሪና ግን አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀጥ ብላ የቀረውን ጠበቀች። የቀረው «በቃ እዚያው እንገናኝ» ብቻ ሆነ። ከዚያ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። እሷም ትንሽ ቆይታ፣ አሁን የደረሰች ለመምሰል ቦት ጫማዋን ደረጃው ላይ መታ መታ አድርጋ በረዶውን አራገፈችና ገባች።

አስራ አንድና ስምንት ምን እንደሆኑ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ካሪና በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ቤት የጊዜ ሰሌዳ አውጪ ናት። የቱ ሥራ ከየቱ እንደሚቀድም፣ ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ ማን ማንን ጠብቆ እንደሚጀምር የምትደረድረው እሷ ናት። አሁን የያዙት በካናዳዋ ተንደር ቤይ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር የሚሠራውን ባለ ሦስት ፎቅ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ቬይኮ እዚያው ሳይት ላይ የጂፕሰም ቦርድና የስቱኮ ሠራተኞች ፎርማን ነው። ዛሬ ደግሞ ፎርማኖቹ ሁሉ ተሰብስበው የየራሳቸውን ሥራና ቀን በተለጣፊ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉበት ቀን ነው። በአስራ አራት ዓመት ሥራዋ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ስለ ቀን ሲጠየቅ እንደሚዋሽ ነው። አምስት ቀን የሚበቃው ሰባት ይላል፤ ሁለቱን እንደምትቆርጥበት ያውቃላ። እሷም ሁለት እንደደበቀ ስለምታውቅ ትቆርጣለች። ይህን ሁሉም ለምዶታል፣ ማንም አይቀየምም። ተመካክሮ መምጣት ግን ሌላ ነው፤ ያውም ከገዛ ወንድሟ።

ቬይኮ የሥራ ቱታውን ለብሶ በካልሲ ብቻ ተቀምጦ ጥቁር ዳቦ ላይ ቅቤ ይቀባል። እናታቸው ወይዘሮ አውኔ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረዋል። ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት፣ ኪራዩ በወር ሰባት መቶ ሰማንያ ዶላር። በዚሁ ሕንፃ አዲስ የገባ ተከራይ ለዚያው ስፋት አንድ ሺህ ስድስት መቶ ይከፍላል፤ አከራዮች ነባር ተከራይ ላይ እንዳሻቸው መጨመር ስለማይፈቀድላቸው ነው። ሊፍት የለውም። ወይዘሮ አውኔ ባለፈው ዓመት በበረዶ ወራት ደረጃው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከዚህ መውጣት እንዳለባቸው ሁሉም ተስማማ፤ ሐይቁ ዳር በሚሠራው መኖሪያም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተመደበላቸው። የመስኮቱን ልክ ካሪና ራሷ ለክታ አምጥታላቸው መጋረጃው ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። ክፍሉ ገና ግድግዳ እንኳ የለውም።

ጠረጴዛው ላይ፣ ከጨው ዓሣው ሳህን አጠገብ፣ አንድ ፖስታ ተቀምጧል። ውስጡ ወይዘሮ አውኔ የፈረሙበት፣ ቤቱን እለቃለሁ የሚል ደብዳቤ አለ። ተከራይ ስልሳ ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ዛሬ የኅዳር የመጨረሻው ቀን ነውና ዛሬ ከገባ በጥር መጨረሻ ይለቃሉ። መኖሪያው ደግሞ በካሪና ሰሌዳ መሠረት ጥር ሃያ ስምንት ይከፈታል። ሦስት ቀን ለዕቃ ማጓጓዣ ይተርፋል። ካሪና ነገር እንዲህ ሲገጥምላት ደስ ይላታል። ፖስታውን አከራዩ ቢሮ የማድረሱ ሥራ የቬይኮ ነበር። ቬይኮ ግን ዳቦውን እያኘከ፣ ቀና ሳይል፣ «ይሄ ደብዳቤ አንድ ወር ቢቆይ ምን ይመስላችኋል?» አለ።

ወይዘሮ አውኔ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ መጋረጃውን አዩ። ካሪና ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። በረዶው ሳይቀንስ ዕቃ ማጓጓዝ ከባድ እንደሆነ፣ የእናታቸው ዳሌም ገና እንዳልጠና፣ መኪና የሚያውሰው ጓደኛውም በጥር ከተማ እንደማይኖር፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ደረደረ። ቬይኮ መዋሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ወሬው ይረዝማል። ካሪና እያንዳንዱን አዳምጣ በሆዷ የራሷን ሒሳብ ሠራች። የቬይኮ ልጅ ኤሮ በሰኔ ሊያገባ ነው፤ ቤት ፈልጎ ፈልጎ አጥቷል። ደብዳቤው ይዘገያል፣ ልጁ አያቴን ላስታምም ብሎ ይገባል፣ ስሙ ውሉ ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያ ሰባት መቶ ሰማንያ ዶላር እየከፈለ ይኖራል፤ ማን ያስወጣዋል? አንዱንም አልተናገረችም። ቁርሷን ጨርሳ ሳህኗን አጠበችና ፖስታውን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በምሳ ሰዓት ራሷ እንደምታደርሰው ነገረቻቸው። እናታቸው «ያው ቀኑን የምታውቀው እሷ ናት» አሉና የዓሣውን ሳህን ከደኑ።

ወንድምና እህት በየመኪናቸው ተከታትለው ሳይት ደረሱ። ሙቀቱ ከዜሮ በታች አስራ ሰባት ነበር፤ ሐይቁ ገና በረዶ አልሆነም፣ እንፋሎቱ ይጨሳል። ቢሮው ረጅም ኮንቴይነር ነው፤ ውስጡ የረጠበ ጓንትና የተቃጠለ ቡና ይሸታል። አንደኛው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ወረቀት ተለብጧል። አሠራሩ ከመጨረሻው መጀመር ነው። መጀመሪያ ቀኝ ጥግ ላይ «ጥር ሃያ ስምንት፣ ቁልፍ ማስረከብ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ቁልፍ ለማስረከብ ከፊቱ ምን ማለቅ አለበት ተብሎ ይጠየቃል፤ የዚያ ሥራ ባለቤት ተነስቶ ወረቀቱን ይለጥፋል። ከዚያስ በፊት? እንዲህ እያሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ ይመጣሉ። የሁሉም ቀለም ለየብቻ ነው፤ የቬይኮ ቢጫ፣ የማሞቂያ ቧንቧ ፎርማኑ የክሌማን ቀይ፣ የቀለም ቀቢዎቹ አረንጓዴ። መለጠፍ ማለት ቃል መግባት ነው፤ በሰው ፊት፣ በገዛ እጅ ጽሑፍ። በኋላ አላልኩም ማለት አይቻልም።

የሳይቱ አለቃ ዴል ሶሮቻን ከኋላ ቆሞ ከካርቶን ውስጥ ዶናት እያነሳ ይበላል። ባለፈው ወር ካሪናን ለብቻዋ ጠርቶ፣ የመክፈቻው ቀን አንዴ ብቻ ቢንሸራተት ከቶሮንቶ ሌላ ሰሌዳ አውጪ እንደሚያስመጣ ነግሯታል። ደግ ሰው ነው፤ ሲናገርም በደግነት ነው የተናገረው። ካሪና ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ወረቀት የምታነበው እንደ መርማሪ ነው። ወለል አንጣፊው ሁለት ቀን ሲያክል ቆረጠችበት፣ ሳቀና ተቀመጠ። ቀለም ቀቢዎቹ አንድ ቀን ተቆረጠባቸው፣ እነሱም አንድ ቀን እንዲቆረጥባቸው ነበር የመጡት። ከዚያ ክሌማን ተነሳና ቀይ ወረቀቱን ለጠፈ። ማሞቂያ ቧንቧ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አስራ አንድ ቀን ይላል። ሁለተኛውን ፎቅ በስምንት ቀን አልጨረስክም ወይ ብላ ጠየቀችው። ክሌማን በዐይኑ ቬይኮን ፈለገ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ብልጭታ። ካሪና የምትጠብቀው እሱን ነበር።

«ሦስተኛው ፎቅ ይበርዳል» አለ ክሌማን።

«እና? ለሠራተኞችህ ጓንት ግዛላቸው» አለች፤ ሰዎቹም ሳቁ።

ቬይኮ ሳይስቅ ተነስቶ ቢጫውን ለጠፈ። ስቱኮ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ስምንት ቀን። ሁለተኛውን ፎቅ በአምስት ነው የጨረሰው፤ ይህንን ከካሪና በላይ የሚያውቅ የለም። ያኔ ነገሩ ከሆዷ ወጣ። እነዚህ ሁለቱ ከጠዋት ጀምረው ተመካክረው ያመጡትን ቁጥር እሷ ባለችበት ግድግዳ ላይ እንደማታስለጥፍ፣ የሥጋ ዘመድ መሆን ቀን እንደማያስጨምር፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች። ሶሮቻን ማኘኩን አቆመ። የቬይኮ ጆሮ ቀላ። በሰው ፊት እንዲህ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። ሁሉም ወንድሟ እንደሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ። ቬይኮ ወረቀቱን ነቅሎ ጨመደደው፤ በአዲስ ላይ አምስት ብሎ ጻፈና ለጠፈው።

«ሰሌዳው ያንቺ ነው» አለ።

ክሌማንም አስራ አንዱን ስምንት አደረገው። ሶሮቻን ስድስት ቀን መዳኑን በጣቱ ቆጥሮ ደስ አለው፤ እዚያው እንደቆመ ስልክ ደውሎ ከክሌማን ሠራተኞች ሦስቱን ከሰኞ ጀምሮ ከተማው ማዶ ላለው ሌላ ሳይት አዋሰ። ክሌማን አንድ ነገር ሊናገር ቃጣው፤ ቬይኮ ግን ራሱን ነቀነቀበት። ካሪና ይህንንም አየች፣ ይህንንም መዘገበች። ያፈሩ ሰዎች ሁለተኛ እንደማይሞክሯት ገመተች።

በምሳ ሰዓት አከራዩ ቢሮ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ደብዳቤውን ተቀብላ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ልታስቀምጠው ስትል ካሪና እጇን ዘርግታ አስቆመቻት። አሁኑኑ፣ እዚሁ ዐይኗ እያየ ማኅተም እንዲመታበት ፈለገች፤ በሁለት ቅጂ፣ ሰዓቱም ይጻፍበት። ጠፋ፣ አልደረሰም፣ ዘግይቷል የሚባል ነገር እንደማትወድ ነገረቻት። ሴትዮዋ ቅንድቧን ሰቀል አድርጋ ሁለቱንም መታች። ከእሷ ኋላ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ይቅርታ እንኳ አላለችውም። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ቅጂውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደብዳቤው ከቬይኮ እጅ ወጥቶ የትም እንዳይሄድ ሆኖ ተቆልፏል። በደስታ ሳንድዊች ገዝታ በላች።

ከሰዓት በኋላ ኮንቴይነሩ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ቀኖች ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባት ጀመረች። ኮምፒውተሩ ውስጥ እያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስት ይሄዳል፤ ይህ ሳያልቅ ያ አይጀመርም ማለት ነው። መጀመሪያ የክሌማንን ማሞቂያ ቧንቧ ጠዋት እንደተባለው አስራ አንድ አለችና ወደ ስምንት ቀነሰችው፤ ቁልፉን ተጫነችና የመጨረሻው ቀን ወደዚህ ቀረብ ሲል ለማየት ጠበቀች። ጥር ሃያ ስምንት እዚያው ቀረ። ድጋሚ ተጫነች። ንቅንቅ የለም። ከተሰካካ ሥራ መሃል ሦስት ቀን ተቆርጦ ጫፉ የማይሳብ ከሆነ፣ ያ ሥራ መጀመሪያውኑ ከጫፉ ጋር አልተያያዘም ማለት ነው። ካሪና ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተደላደለች። አንድ ሰው ነካክቶብኛል አለች።

ከመጨረሻው ተነስታ ቀስቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተከተለች፤ ልክ ጠዋት ግድግዳው ላይ እንዳስደረገቻቸው። ቁልፍ ማስረከብ፣ ፍተሻ፣ ወለል፣ ቀለም፣ ስቱኮ። ሦስተኛ ፎቅ ስቱኮ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከቦርዱ በቀር ወደ እሱ የሚመጣ ቀስት የለም። ቦርዱ በተሰቀለ ማግሥት፣ ታህሣሥ ሰባት፣ ስቱኮ ይጀመራል ይላል። ገጹን ወደ ታች ወረደች። የሦስተኛ ፎቅ ማሞቂያ የሚበራው ከጥር አጋማሽ በኋላ ነው፤ ሙቅ ውኃውን የሚገፋው ፓምፕ ከዚያ በፊት አይደርስም። ከዚያ መስመር ደግሞ የትም የሚሄድ ቀስት የለም፤ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሟል። ስቱኮ በብርድ አይደርቅም። ለዚህ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ በዚህ ከተማ ክፍሉን በገዛ እጁ ያደሰ ሁሉ ያውቀዋል። ከዜሮ በታች የተለሰነ ስቱኮ ውኃው በረዶ ይሆናል፤ ቤቱ ሲሞቅ ደግሞ ሉክ በሉክ እየሆነ ይወርዳል። ሰሌዳዋ ግን ግድግዳ በብርድ ልሰኑ፣ ቀለም በብርድ ቀቡ፣ ከዚያ አሙቁ እያለ ለአንድ ወር ተኩል ሰው ሲያዝ ኖሯል።

ማን እንዳጠፋው ለማወቅ ቸኮለች። ክሌማን ነው ብላ አሰበች፤ ሥራውን ለማቅለል። ሶሮቻን ነው ብላ አሰበች፤ ከቶሮንቶ ሰው ለማምጣት ሰበብ ፍለጋ። ቬይኮንም አሰበችው። ኮምፒውተሩ ማን መቼ ምን እንደነካ ይመዘግባል፤ መዝገቡን ከፈተች። ጥቅምት ዘጠኝ፣ ከሰዓት በኋላ፣ «ጊዜያዊ ማሞቂያ፣ ሦስተኛ ፎቅ» የሚለው መስመር ተሰርዟል። የሰረዘው ሰው ስም ካሪና ሂየታላ ይላል። ያን ቀን አስታወሰችው። ሶሮቻን ወጪ ለመቀነስ የተከራዩትን የናፍጣ ማሞቂያዎች መልሶ ነበር፤ እሷም መስመሩን መርጣ ሰረዘችው። መስመሩ ሲሰረዝ ወደ እሱ የሚመጣውና ከእሱ ወደ ስቱኮ የሚሄደው ቀስት አብረው ጠፉ። ቀስቱን ወደ እውነተኛው ማሞቂያ ማዞር ነበረባት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ስልክ ተደውሎ ይሆናል፤ አላስታወሰችም።

ቀስቱን አሁን አዞረችው። ቁልፉን ስትጫን የመጨረሻው ቀን ዘለለ፦ መጋቢት አስራ አራት። እናቷ በጥር መጨረሻ ከቤታቸው ይወጣሉ፤ የሚገቡበት ክፍል ያን ጊዜ ስቱኮው እንኳ ደርቆ አያልቅም። ካፖርቷን ሳትቆልፍ ሮጣ ወጣች።

አከራዩ ቢሮ ስትደርስ አስር ሰዓት ሆኖ ነበር። ሴትዮዋ አወቀቻት። ደብዳቤው ይመለስልኝ፣ ስህተት ነው፣ እናቴ አትለቅም አለች ካሪና። ሴትዮዋ በእውነት ያዘነች ትመስላለች። ደብዳቤው ከገባ ገባ ነው አለች፤ ያለ ቤቱ ባለቤት ፈቃድ አይመለስም፣ ባለቤቱ ደግሞ አይፈቅድም፤ ቤት ለመከራየት ወረፋ ከያዙት ለመጀመሪያው ተደውሎ እሺ ብሏል። በአንድ ሺህ ስድስት መቶ። ካሪና ይሄን ያህል ምን አስቸኮላችሁ፣ ማንስ አዘዛችሁ ብላ አፈጠጠችባት።

«እርስዎ ነዎት ያስቸኮሉን» አለች ሴትዮዋ። «እኔማ እስከ ማታ ከወረቀቶቹ ጋር ላስቀምጠው ነበር። አሁኑኑ ዐይኔ እያየ ምቺ አሉኝ፣ መታሁ።»

ሳይት ተመልሳ ስትገባ ሠራተኞቹ እየወጡ ነበር። ቬይኮን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አገኘችው። ቦርዱ በግማሽ ተሰቅሏል፤ በክፍሎቹ መሃል ነፋስ ይመላለሳል፤ ትንፋሹ ከአፉ ሲወጣ ይታያል። አንድ ባልዲ ስቱኮ ከፊቱ አስቀምጦ በመለሰኛው ላዩን ይወጋዋል። ላዩ ረግቶ ቅርፊት አውጥቷል። ቀና ብሎ አያት።

«ማን ነገረህ?» አለችው። ሰላምታም አላስቀደመችም።

«ማንም። የሚመጣውን ሦስት ሳምንት የሥራ ወረቀት ሐሙስ ዕለት ስትሰጪን አየሁት። በታህሣሥ እዚህ ስቱኮ ለስን ይላል።»

ለክሌማን የነገረውም እሱ ነው። ክሌማን ከሁለተኛው ፎቅ መስመር ቅጥያ አውጥቶ ከገና በፊት ለጊዜው ሙቀት ሊሰጠው ተስማምቶ ነበር፤ ያ ሦስት ቀን ይጨምራል። ቬይኮም ቀስ እያለ ለማድረቅ ሦስት ቀን ያስፈልገዋል። እንደዚያ ቢሆን መክፈቻው ቢበዛ አንድ ሁለት ሳምንት ቢንሸራተት ነው፤ ሶሮቻንም የማን ስህተት እንደሆነ አያውቅም። መቻላቸውን እርግጠኛ ስላልነበረ ነው ደብዳቤው ይቆይ ያለው። አሁን ግን ቀኖቹ ተቆርጠዋል፣ ሦስቱ ሰዎች ለሌላ ሳይት ተሰጥተዋል፤ ቅጥያውን የሚሠራ ሰው የለም። ቬይኮ ይህን ሁሉ የተናገረው ባልዲውን እያየ ነው።

ካሪና ያልጠየቀችው አንድ ነገር ቀርቷታል። ስለ ኤሮ ጠየቀችው፤ ቤቱን ለእሱ አስበህ አልነበረም ወይ አለችው። ቬይኮ መጀመሪያ አልገባውም። ኤሮ እኮ ዊኒፔግ ሥራ አግኝቷል፣ እጮኛውን ይዞ እዚያ ሊገባ ነው፣ ያለፈው እሑድ ምሳ ላይ ነግረንሽ የለም ወይ አላት። ነግረዋታል። ያን ጊዜ ወሬው ለማዘናጊያ የተፈበረከ መስሏት ነበር።

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?» አለች። ድምፅዋ እሷ ካሰበችው በላይ ቀጥኖ ወጣ። «ሐሙስ ዕለት። ለብቻዬ። አንድ ቃል።»

ቬይኮ መለሰኛውን ቱታው ላይ ጠረገ።

«ብነግርሽ፣ ‹ማን ልኮህ ነው?› ነበር የምትዪኝ» አለ።

ይህን ሲል በቁጣ አልነበረም፤ የአየሩን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነበር። እውነት ነው፤ ካሪና ያንኑ ነበር የምትለው። አሁን እንኳ ደረጃውን ስትወጣ ምላሷ ላይ የነበረው ያ ነው። አፈረች። በአርባ ዓመቷ እንደ ሕፃን አፍራ ፊቷን ወደ መስኮቱ ቀዳዳ አዞረች፤ ነፋሱም ገረፋት። ደብዳቤውን መልሱልኝ ብላ እንዳልሆነላት በዚያው እንደዞረች ነገረችው። ቬይኮ ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበት።

ከዚያ አብረው ወርደው ኮንቴይነሩ ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ካሪና እያንዳንዱን የሦስተኛ ፎቅ መስመር እያነበበች ስንት ቀን ብላ ጠየቀችው፤ የሚላትንም ቁጥር ሳትነካ ጻፈች። ስምንት ሲላት ስምንት፣ አራት ሲላት አራት። መሃል ላይ አንዴ ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ፤ ቬይኮም ጠበቃት፤ ጻፈችው። አንዱ ሲረዝም ሌላው አጥሮ፣ የመጨረሻው ቀን እዚያው መጋቢት አስራ አራት ላይ ወደቀ። አትማ ለሶሮቻን ወሰደችለት፤ ስህተቱ የማን እንደሆነ እሱ ሳይጠይቅ ነገረችው። ሶሮቻን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየ፣ ዐይኑን አሸ፣ ከገና በኋላ ከቶሮንቶ ሰው እንደሚመጣ፣ እስከዚያ ቦታዋ ላይ እንድትቆይ ነገራት። እሺ አለች። ዛሬ ከሁሉም ይልቅ የፈራችው እሱን አልነበረም።

ወይዘሮ አውኔ እራት አቅርበው ነበር፤ ድንች፣ ዓሣ፣ የተከተፈ ሽንኩርት። ሁለቱ ልጆቻቸው አንድ ላይ ሲገቡ አይተው ሁለት ሳህን ጨመሩ። ካሪና ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆማ ነገረቻቸው፤ ምንም አልደበቀችም፣ ምንም አላሳመረችም። ክፍሉ በጥር እንደማይደርስ፣ ቤቱ ግን በጥር እንደሚለቀቅ፣ ሁለቱንም ያደረገችው እሷ እንደሆነች። ወይዘሮ አውኔ ሹካቸውን አስቀምጠው አዳመጡ። አልተቆጡም። ምድጃውን አዩ፣ በሩን አዩ፤ የሰው ዕቃ የሚያዩ ይመስላሉ። በመሃል ያለውን ጊዜ የት እንደሚሆኑ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸውን ያቀረቡት ለሁለቱም ነው።

«እኔ ጋ» አለች ካሪና። «የእኔ ቤት ደረጃ የለውም። ትንሿን ክፍል ነገ ባዶ አደርግልሻለሁ። መጋቢት አስራ አራት ደግሞ ራሴ ይዤሽ እገባለሁ።»

ወይዘሮ አውኔ አዩዋት። አስራ አራት ዓመት ሙሉ ለጎረቤት ሁሉ ልጄ ቀን ከተናገረች ቀኑ እሱ ነው ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ከዚያ ፊታቸውን ከእሷ ላይ አንስተው፣ እሷ እዚያ የሌለች ይመስል፣ ወደ ወንድ ልጃቸው አዞሩ።

«እንዴት ነው ቬይኮ» አሉ፤ «ይሄኛውስ ቀን እውነት ነው?»

ካሪናም እንደ እናቷ የወንድሟን አፍ እያየች ጠበቀች።

«እውነት ነው፣ እማዬ» አለ ቬይኮ። «አብረን ቆጥረነዋል።»